ብርድ ልብስ የጀመርኩበት እንጨት

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቃችሁ፤ እኔ ሰው አልገደልኩም። ይህን የምለው ያን እሑድ ጠዋት አሰላ ውስጥ፣ በእኔ የቆርቆሮ በር ላይ የቆመውን ሕዝብ ያየ መንገደኛ ሁሉ «ይሄ ሰውዬ ማንን ገድሎ ይሆን?» ማለቱ ስለማይቀር ነው። ከሠላሳ የማያንሱ ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው ቀጭን ረጅም በትር ይዘው፣ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ከፊት ማን ቢቆም ጥሩ ነው? አማቴ። ጥፋቴ ምን እንደነበር ከጠየቃችሁኝ ብርድ ልብስ መሥራት ነው። በእጄ፣ በሱፍ ክር።

ሌላው ወንድ ትዳሩ የሚናጋው በመጠጥ ነው፣ በቁማር ነው፣ በውሽማ ነው። ቢያንስ ሲወራ ያምራል። የእኔን «በሹራብ ምክንያት» ብሎ ለሰው መንገር እንዴት ያሳፍር! አሁን እንኳ ይህን ስጽፍ ልቤ ድንግጥ ድንግጥ እያለ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሐኪም ቤት ነው። ዓምና ራሴን አዞረኝና ስለካ ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል ተባልኩ። ሐኪሙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ «ጫት ትቅማለህ?» አለኝ።

«ያው እንደ ሰው ነው» አልኩት።

«እንደ ስንት ሰው?»

በዚያው ዕለት ጫት ተከለከልኩ። እንግዲህ እኔ ማለት ለዓመታት ከሥራ ወጥቼ እግሬ በቀጥታ ወደ በርጫ የሚወስደኝ ሰው ነበርኩ፤ ቤቴን የማውቃት ለመኝታ ብቻ ነው። ጫቱን ስተው ጓደኞቹም፣ ወሬውም፣ ሙዚቃውም አብረው ቀሩ። የቀሩልኝ ሁለት እጆች ናቸው። ሥራ የፈታ እጅ እንዴት ያለ ጠላት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የእኔዎቹ ጢሜን ነቀሉ፣ የሶፋውን ስፖንጅ ቦጨቁ፣ ከቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የስብሰባ ጥሪ ቀድደው ሕዝቡን ከስብሰባ አስቀሩ።

የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። አጠገቤ እትዬ አስካለ የሚባሉ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ባልደረባዬ ይቀመጣሉ። እትዬ አስካለ መብራት በጠፋ ቁጥር ከመሳቢያቸው ክርና መርፌ አውጥተው ሹራብ ይሠራሉ። መርፌ ስላችሁ የልብስ መስፊያዋ እንዳትመስላችሁ፤ የሹራቡ መርፌ ከስንዝር የሚበልጥ ጫፉ የሾለ ሽቦ ነው፣ የሚሠራውም በሁለት ነው። እትዬ አስካለ በመብራት መጥፋት ብቻ ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች አልብሰዋል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ እኔ የአንድ ፋይል ክዳን በጥፍሬ ስልጥ አዩኝ።

«ና ወዲህ!» አሉኝ። «የመንግሥት ንብረት ከምትበላ ይህን ያዝ።»

ያዝኩ። ወላሂ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ አለቀቅሁም።

የመጀመሪያው ሥራዬ የአንገት ልብስ ነበር። ሲጀመር አራት ጣት ስፋት ነበረው፤ መሐል ላይ ሲደርስ አሥር ጣት፣ ሲያልቅ የመስገጃ ምንጣፍ አከለ። እንዴት እንደሰፋ እኔም አላህም እናውቃለን ማለት አልደፍርም፤ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። እትዬ አስካለ ገልብጠው ገልብጠው አዩትና፣ «ይሄ አንገቱ እስኪገኝ ይቀመጥ» አሉ።

ግን ደስታው! ያልሞከረው ሰው አይገባውም። አንዷን የክር ቀለበት በሌላዋ ውስጥ ታሳልፋለህ፣ ትስባለህ፣ ትለቃለህ፤ ታሳልፋለህ፣ ትስባለህ። ጭንቅላትህ ውስጥ ሲጮህ የዋለው አለቃ ድምፁ ይቀንሳል። አርባ ቀለበት ስትቆጥር ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል፤ ምክንያቱም አለቃህንም ቀለበትህንም አንድ ላይ መቁጠር አይቻልም። ሱፉ ጣትህን ያሞቀዋል፤ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ቅድም ምንም ያልነበረው ቦታ ላይ አሁን ጨርቅ አለ፤ ያንን ጨርቅ የሠራኸው አንተ ነህ። መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ስሠራ እዩት ብዬ የማሳየው ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

የድሮ የበርጫ ጓደኞቼ ሲሰሙ በሳቅ ሞቱ። አንደኛው መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «ሴት ሆንክ አሉ?» አለኝ።

«የለበስከውን ጋቢ የሠራው ማነው?» አልኩት።

«ሸማኔ።»

«ሸማኔው ሴት ነው?»

«እሱማ ወንድ ነው፤ ግን እሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው።»

ጉድጓድ መቆፈር ብቻ ነው የቀረኝ ማለት ነው። ሰው ለማላገጥ ሲፈልግ ምክንያት አያጣም፤ ሰላም ብዬው ሄድኩ።

አሰላ ላይ የሱፍ ክር እንደ ልብ አይገኝም። መላውን ያስተማሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው፦ ሰልባጅ ተራ ሄደህ አሮጌ የሱፍ ሹራብ ትገዛለህ፣ ቤትህ ወስደህ ትተረትረዋለህ፣ ክሩን አጥበህ ትጠቀልለዋለህ። የሰልባጅ ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ጠረጠሩኝ። ሹራቡን ገልብጬ ስፌቱን በጥፍሬ ስፈትሽ ቁንጫ የምፈልግ መስሏቸው አንዷ፣ «አባቴ፣ ንጹሕ ነው!» ብላ ማለችልኝ። የአንድ የማላውቀው ፈረንጅ ሹራብ ቤቴ ገብቶ በአንድ ምሽት ከእጀታው እስከ አንገቱ ሲተረተር ማየትን የመሰለ ነገር የለም።

ክር ሲጠቀለል ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ባለቤቴ መኪያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ክሩን ትይዛለች፣ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ወደ ልቃቂት እጠቀልላለሁ። መኪያ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ዝምታ ታውቅበታለች። እኔ ወሬ የለመድኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ምን ላውራ ብዬ ስለ ውሏ መጠየቅ ጀመርኩ። ለካ አርባ አምስት ተማሪ አላት! አላውቅም ነበር።

እንግዲህ እብሪት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአንገት ልብስ ሠራሁ፣ ካልሲ ሠራሁ፣ ለሬዲዮናችን ሳይቀር ልብስ ሠራሁ። ልቤ ግን ትልቅ ነገር ተመኘ፦ ለአማቴ ብርድ ልብስ። አማቴ አዴ ሹኔ ከኢተያ ወዲያ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸውን ብርድ ይጠዘጥዛቸዋል። ለአረፋ በዓል በእጄ የሠራሁትን ብርድ ልብስ ሳለብሳቸው፣ «አማች ማለት እንዲህ ነው!» ብለው ሲመርቁኝ በዓይነ ልቦናዬ አየሁ። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን ውስጥ መርቀውኝ አያውቁም።

ችግሩ መርፌው ነው። የእትዬ አስካለ ሽቦ ለሕፃን ሹራብ እንጂ ለአልጋ ስፋት አይሆንም። «ድሮ ከእንጨት ይጠርቡት ነበር» አሉኝ። «ቀጥ ያለ፣ የደረቀ፣ የለሰለሰ እንጨት ፈልግ።»

ቤት ገብቼ ፈለግሁ። ከበሩ አጠገብ ያለችውን የዕቃ ክፍላችንን ስከፍት፣ በመጥረጊያና በመወልወያ እንጨቶች መሐል አንድ በትር ቆሟል። ሱብሃነላህ! ቀጥታው! ልስላሴው! ጣቴን ባሳልፍበት እሾህ የለ፣ ቋጠሮ የለ። አሸተትኩት፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። የመወልወያ እንጨት ቅቤ የሚቀባበት አገር የት ነው? እኔ ግን፣ «የድሮ ሰው የሠራው መወልወያ እንዲህ ነው» ብዬ አመሰገንኩት። መጋዝ አመጣሁ፣ ከመሐሉ ቆረጥኩት። ጫፍ ጫፉን በቢላ አሾልኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ክሩ ከኋላ እየሾለከ እንዳይወጣም በሌላው ጫፋቸው ላይ የሚሪንዳ ቆርኪ ቸነከርኩበት።

በእነዚያ መርፌዎች ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ክሩ ራሱ እየሮጠ ይሄድባቸው ነበር። መኪያ የመጀመሪያው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቆማ መርፌዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም። ዝምታዋን አድናቆት አድርጌ ቆጠርኩት። ከዚያም ወዲህ አንዳንድ ጊዜ እጄን ትክ ብላ ስታይ እይዛታለሁ፤ «እየቀናሽ ነው አይደል?» እላታለሁ። ሻይዬን አስቀምጣልኝ ትሄዳለች።

የሞኝ ነገር፣ ሥራዬን ቤት ውስጥ ብቻ መያዝ አልሆነልኝም። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር እሠራለሁ። አንድ ቀን ከገበያ የሚመለሱ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀመጡ። መርፌዎቹን አዩ። ጎንበስ ብለው እንደገና አዩ። እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ዳሰሱትና ጣታቸውን አሸተቱ።

«ልጄ፣ ይህን እንጨት ከየት አመጣኸው?»

«ከቤቴ ነው እማማ! ራሴ በመጋዝ ቆርጬ ነው የሠራሁት!»

«ባለቤትህ የማን ልጅ ናት?»

ሰው ሥራዬን አድንቆ ዘራችንን የጠየቀኝ መሰለኝ። የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ የእናቷን ስም፣ ጎሳዋን፣ ከኢተያ ወዲያ ያለችውን ቀበሌ ሳይቀር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ያ ረቢ!» አሉና ባጃጁን አስቁመው መንገድ ላይ ወረዱ። ገብስ የያዙባትን ዘንቢላቸውን ረስተዋት ባጃጅ ነጂው ነው ሮጦ የሰጣቸው። እኔም ምን ነካቸው ብዬ ሃያ ሰባተኛዋን ቀለበት ቀጠልኩ።

ይሄ የሆነው ሐሙስ ነው። እሑድ ጠዋት ግን የሴቶች ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። አርሲ ተወልዶ ያደገ ሰው ያንን ጩኸት ያውቀዋል። ባጃጆች ቆሙ። የጋሪ ፈረሶች ተገቱ፣ ጋሪ ነጂዎቹ ቆባቸውን አወለቁ፤ እነዚያ ሴቶች ሲያልፉ ፊታቸውን ማቋረጥ ነውር ነውና። «የትኛው ጉደኛ ይሆን ሚስቱን የበደለ?» እያልኩ ሥራዬን እንደያዝኩ ልመለከት ወጣሁ። ጩኸቱ ቀረበ፣ ቀረበ፣ እኔ በር ላይ ቆመ።

«ሲንቄን ኤሳ?» አሉ አዴ ሹኔ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ለልጄ የሰጠኋት ሲንቄ የት አለ?»

ሲንቄ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የአርሲ እናት ልጇን ስትድር በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት በትር ነው። የሴት ልጅ ክብሯ ነው፣ ጠበቃዋ ነው። ሁለት ወንዶች ጦር ቢማዘዙ እንኳ ሴት ሲንቄዋን መሐላቸው ካስቀመጠች ያቆማሉ። ባሏ የበደላት ሴት ሲንቄዋን አንስታ ከወጣች ጩኸቷን የሰማች ሴት ሁሉ የራሷን አንስታ ትከተላታለች፤ ካሣ ሳይከፈል፣ ይቅርታ ሳይወርድ ማንም ወደ ቤቷ አትመለስም። ቅቤ የሚቀባውም ለዚሁ ክብሩ ነው። ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ! በሴት እጅ ላይ ሳየው አውቀዋለሁ። ከመወልወያ ጎን ቆሞ ሳየው ግን እንጨት ነው ብዬ ቆረጥኩታ!

ቀስ ብዬ ወደ እጄ አየሁ። ግማሹ ሲንቄ በቀኜ፣ ግማሹ በግራዬ፣ ጫፉ ላይ የሚሪንዳ ቆርኪ፣ መሐሉ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሎ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ነኝ። ጥዬው እንደመሸሽ እንደያዝኩት ቆሜ ቀረሁ።

አዴ ሹኔ የእኔን ዐይን ተከትለው አዩት። እንዲያ ያለ ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ የእኔን ፊት ደግሞ እኔ አላየሁትም እንጂ ሳይብስ አይቀርም።

«ማል ጎቴ?» አሉ በሹክሹክታ። «ምን አደረግክ?»

«እማማ፣ ለእርስዎ ነው» አልኩ። ከአነጋገር ይፈረዳል ሲባል ይሄ ነው። «ብርድ ልብሱ ለእርስዎ ነው። ጉልበትዎን እንዳይበርድዎ ብዬ።»

ጩኸቱ እንደገና ፈነዳ። መኪያ ከጓዳ ወጣች። እናቷን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ ወደ እኔ ግን አላየችም። «ነይ ውጪ» አሏት እናቷ፤ ነጠላዋን አጣፍታ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ስሰማ የኖርኩት ስለ ክር እየመሰለኝ ነበር።

ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው መስክ፣ ከጥዱ ሥር ተቀመጡ። የሰፈሩ ሴቶች ጩኸቱን እየሰሙ አንድ በአንድ ሲቀላቀሏቸው እስከ ቀትር ድረስ ሰፈሩ ውስጥ ሴት የሚባል አልቀረም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የባሰው። ምሳ የለም! የሰፈሩ ባሎች በየተራ እየመጡ በሬን ማንኳኳት ጀመሩ።

«መቼ ነው የምትታረቀው?» ይለኛል አንዱ።

«እኔ ልታረቅ አይደለም ወይ የምፈልገው?»

«ወጡ ተጥዶ ነው የሄደችው። አረረ።»

«አውጣው እንጂ!»

«እንዴት ነው የሚወጣው?»

ጎረቤታችን ሀጂ ቃሲም የሽማግሌዎቹ አለቃ ሆነው ቀረቡ። አስታራቂ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ከወትሮው ፈጥነው የተነሡት ርቧቸው እንደሆነ እሳቸውም አልካዱም። እርጥብ ሣር አስነጭተው በሁለት እጄ አስያዙኝ፤ ሣር ይዞ የመጣ ይቅርታ ለማኝ ነው። «አንተ አንድ ቃል እንዳትናገር» አሉኝ። «እኔ ልናገር። አንተ ስትናገር ነው ነገር የሚበላሸው።»

ሀጂ ሲለምኑ ቆዩ። ሳያውቅ ነው አሉ፣ ሞኝ ነው አሉ፣ ከድሮም እንዲህ ነው አሉ። ለእኔ የሚያስፈልገው ምስክርነት ተሟልቶ ተሰጠ። ሴቶቹ ግን ንቅንቅ የለም። አንዷ ጊደር ይረድ አለች። ሌላዋ ክሩ በሙሉ ይቃጠል አለች። እኔ ክሩ ይቃጠል ሲባል የሀጂን ትእዛዝ ረሳሁት፤

«በኮላ አጣብቄ እንደነበረ አደርገዋለሁ!» አልኩ።

ሀጂ ቃሲም ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሴቶቹ እንደ አዲስ ጮኹ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከአጠገቤ አንድ አንድ እርምጃ ራቅ አሉ።

እስካሁን ሳስቃችሁ ቆየሁ እንጂ ያን ሰዓት ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ጊደሯ አላስፈራችኝም፤ ተበድሬም እገዛታለሁ። የሚያስፈራኝ መኪያ ናት። ሴቶቹ ካልተቀበሉኝ፣ እሷም ይቅር ካላለችኝ ከዚያ መስክ ተነሥታ የምትሄደው ከእናቷ ጋር ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ስትጮህ ባየኋት፣ በሰደበችኝ እል ነበር።

በመጨረሻ አዴ ሹኔ እጃቸውን አነሡና ሁሉም ዝም አለ። «ሲንቄው የእሷ ነው፤ የተበደለችውም እሷ ናት» አሉ። «መኪያ፣ ተናገሪ። ምን ይሁን?»

መኪያ ተነሣች። ክፍል ውስጥ ስታስተምር እንደዚህ ትሆን ይሆናል፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ግን ሁሉም ሰማት።

«ሲንቄውን ከቁምሳጥኑ ኋላ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

እናቷ ቀና አሉ።

«ዓምና ነው። እሱ በርጫ ነው የሚውለው፣ በርጫ ነው የሚያመሸው። ልጆቻችን አባታቸውን የሚያውቁት በጫማው ነው፤ ጠዋት በር ላይ ካለ መጥቷል ይላሉ። እኔ ለሰው አልተናገርኩም። አልመታኝ፣ አልሰደበኝ፣ ምን ብዬ እናገራለሁ? ቤት ውስጥ የለም ነው የምለው? አንድ ቀን ጠዋት ግን በቃኝ። ይዤው ልወጣ፣ እናንተን ልጠራ አነሣሁት። በሩ ጋ ስደርስ ልቤ እምቢ አለ። ነገ ብዬ ከበሩ አጠገብ፣ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ አቆምኩት፤ ስወጣ ቶሎ እንዳነሣው። ነገ፣ ነገ ስል ሰነበትኩ።»

ሀጂ ቃሲም ዞረው አዩኝ።

«ከዚያ ታመመ፣ ጫቱን ተወ። ይህን ክር ጀመረ። እኔ ግን እሱም የሚያልፍ መስሎኝ አላመንኩትም፤ በትሩን ከዚያ ቦታ አላነሣሁትም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በእሱ ሲሠራ አገኘሁት። እናቴ የሰጠችኝን እንጨት አላጣውም፤ እንዳየሁት ነው ያወቅሁት። ልጮህ አፌን ስከፍት ቀና ብሎ ‹መኪያ፣ ያቺ የምታለቅሰው ተማሪሽ ዛሬ እንዴት ዋለች?› አለኝ። ክር እስኪጀምር ድረስ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ውሎዬ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አፌን ዘጋሁት።»

ወገኖቼ፣ እስካሁን ደነገጥኩ ያልኳችሁ ሁሉ ጨዋታ ነው። የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው። እኔ ለዓመታት ሰላም ነው ብዬ የኖርኩበት ቤት ውስጥ ሚስቴ በየቀኑ በዚያ በትር አጠገብ እያለፈች፣ ዛሬ ልውሰደው ወይስ ነገ እያለች ኖራለች። እኔ ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ፣ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ። ያን እንጨት ሳልቆርጠው በፊት ነበር ያጠፋሁት፤ ያየችውም፣ የቆጠረችውም፣ የቻለችውም እሷ ብቻ ናት።

«በትሩን መቁረጡ ጥፋት ነው፤ ይካስልኝ» አለች መኪያ። «አዲስ ይቆረጥልኝ። እርዱም ይታረድ። ክሩን ግን አታቃጥሉበት። እጁን ባዶ አታድርጉት።»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ስትጠርግ አየሁ። ከኋላዬ የቆሙት የሰፈሩ ባሎችም ምሳቸውን ረስተው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ እያንዳንዱ የየቤቱን ጓዳና የየሚስቱን ቁምሳጥን ሲያስብ እንደነበር አልጠራጠርም። ሄጄ ሣሩን መኪያ እግር ሥር አስቀመጥኩ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዷም አልወጣችም። «አፉ በይኝ» ብቻ አልኩ። ሣሩን አነሣችው።

አዴ ሹኔ ብርድ ልብሱን ከእጄ ተቀበሉኝ። ዘረጉት፣ ገለበጡት፣ ጠርዙን በጣታቸው ጎተቱት። መቼም ሴት ልጃቸውን እንደዚያ ያኖራትን ሰው ሲያዩ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ ፊታቸው አይነበብም።

«ይሄ ወዲህ ሰፍቷል» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ስንት ቀን ይቀረዋል?»

«ሁለት ሳምንት።»

«ጨርሰው» አሉ። «ሲያልቅ ግን አታመጣልኝም። እሷን ነው የምታለብሳት።»

ጊደሯ በሀጂ ቃሲም ልመና ወደ በግ ዝቅ አለች። በጉ ሲታረድ ጸጉሩ እንዴት ያለ መሰላችሁ፣ ረጅም፣ ነጭ፣ ለክር የተፈጠረ! ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ሀጂ አዩኝና ዘጋሁት። ሴቶቹ መረቁን፣ ቅቤ ቀቡን፣ ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ሰፈሩም ምሳውን ከአሥር ሰዓት በኋላ በላ። ሁለቱን መርፌዎች አዴ ሹኔ ቆርኪያቸውን ነቅለው ጣሉና በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋቸው ሄዱ። ብርድ ልብሱን የጨረስኩት ከሀጂ ግቢ በተሰጠኝ የወይራ ቅርንጫፍ ነው፤ ያውም ሀጂ ራሳቸው ቅርንጫፉን ከየት እንደቆረጡት ሦስት ጊዜ ካስማልኳቸው በኋላ።

አዲሱ ሲንቄ ሀሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ ተቆርጦ፣ ተልጎ፣ ቅቤ ተቀብቶ መጣ። መኪያ ከቁምሳጥን ኋላ አላስገባችውም። ዕቃ ክፍልም አላኖረችውም። ሳሎን ውስጥ፣ እኔ ክሬን ይዤ ከምቀመጥባት ወንበር ፊት ለፊት አቆመችው። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በየቀኑ ከሥራ ስገባ ቆሞ ያየኛል፤ አየዋለሁ፤ ከዚያ ጮክ ብዬ፣ «መኪያ፣ ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» እላለሁ።